46 ስላይድ ይዘሽ ከመግባትሽ በፊት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ከተማ የውኃ አገልግሎት ውስጥ የምሠራ መሐንዲስ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለ ውኃ ብክነት ለቦርዱ ገለጻ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። የተሰጠኝ 20 ደቂቃ ነው። ሥራ አስኪያጃችን አዲስ ጉድጓድ ማስቆፈር ይሻላል ባይ ናቸው። የእኔ ጥናት ደግሞ መጀመሪያ ያረጀውን መስመርና ቆጣሪ እናድስ ይላል። ባለፈው ዓመት 46 ስላይድ ይዤ ገብቼ 12ኛው ላይ ስደርስ ሰብሳቢው «አጠር አድርጊው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ እጄ አላበኝ። የሥራ ባልደረቦቼ እስከ ዛሬ ሙድ ይይዙብኛል። እባክዎ ይህን ፍርሃት እንዴት ላስወግደው? ስላይዱን በእንግሊዝኛ ላድርገው ወይስ በአማርኛ? የማላውቀውን ቢጠይቁኝስ? — ጨንቋት

መልስ፦ ውድ ጨንቋት፣ አይዞሽ።

ከፍርሃትሽ ግን አልጀምርም፤ ኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ሒሳብ እንሥራ። 46 ስላይድ በ20 ደቂቃ ማለት ለአንዱ ስላይድ 26 ሰከንድ ነው። በ26 ሰከንድ አንድ ሠንጠረዥ አስረድቶ የሚያልፍ ሰው እኔ አላየሁም። ሰብሳቢው ዝም ቢሉሽ እንኳ ሰዓቱ ያቋርጥሽ ነበር። ያን ዕለት ድምፅሽን ያንቀጠቀጠው የሰው ዓይን ብቻ አይመስለኝም። ሊያልቅ የማይችል ነገር ይዘሽ ገብተሽ ነበር፤ ይህን ደግሞ ውስጥሽ ያውቀው ነበር።

ስለዚህ ላፕቶፑን ለጊዜው ዝጊው። ወረቀት አውጪና አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ቦርዱ ከዚያ ክፍል ሲወጣ ምን ወስኖ እንዲወጣ ነው የምትፈልጊው? «ስለ ውኃ ብክነት ግንዛቤ መፍጠር» የሚል መልስ አልቀበልሽም። ግንዛቤ የተፈጠረለት ቦርድ «እናመሰግናለን፣ ጥሩ ጥናት ነው» ብሎ ወደ ሻይ ይሄዳል። እንዲህ ብለሽ ሞክሪው፦ «ሐምሌ 1 በሚጀምረው በጀት፣ ለአዲስ ጉድጓድ ከታሰበው ገንዘብ ላይ ይህን ያህል ብር ለመስመር ጥገናና ለቆጣሪ ቅያሪ እንዲውል ቦርዱ እንዲወስን እጠይቃለሁ።» ብሩ ስንት እንደሆነ መጻፍ ካቃተሽ ጥናቱ ገና አላለቀም ማለት ነው። ያንን ጨርሺና ወደ ገለጻው ተመለሺ።

ዓረፍተ ነገሩ ከተጻፈ በኋላ የድሮዎቹን 46 ስላይዶች አንድ በአንድ አይተሽ «ይህ ለዚያ ውሳኔ ምን ይጠቅማል?» ብለሽ ጠይቂ። የድርጅቱ ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴት? ቦርዱ ያውቀዋል። የከተማው ከፍታና የሙቀት መጠን? እዚያው ነው የሚኖሩት። የጥናቱ ዓላማ፣ የጥናቱ ወሰን፣ የጥናቱ ዘዴ? ይህ ዩኒቨርሲቲ ያስለመደን አካሄድ ነው። መምህር ፊት ቆመሽ መመረቂያሽን ስትከላከዪ ዘዴው ይቀድማል፤ የሚታረመው እሱ ስለሆነ። የቦርድ አባል ግን ሊያርምሽ አልመጣም። ሊወስን ነው የመጣው። የምትጠይቂውን መጀመሪያ ንገሪው፣ ምክንያቱን ቀጥሎ ይስማሽ። ዘዴውን የፈለገ ሰው ካለ ይጠይቅሻል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ፤ ጉዳይሽ የሚሸነፈውም የሚያሸንፈውም እዚህ ጋ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር። የራሳችሁን ቁጥር ስላልጻፍሽልኝ በምሳሌ ልሂድ። ከተማችሁ በቀን 10,000 ሜትር ኩብ ውኃ ያመርታል እንበል። ከዚህ ውስጥ 35 ከመቶው ሒሳብ የማይሰበሰብበት ቢሆን በቀን 3,500 ሜትር ኩብ ነው። «ገቢ አልባ ውኃ 35 ከመቶ ደርሷል» ብትዪያቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ ይረሱታል። በሌላ በኩል፣ በሰከንድ 20 ሊትር የሚሰጥ ጉድጓድ 24 ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ በቀን የሚያወጣው 1,728 ሜትር ኩብ ነው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ «በየቀኑ ሁለት ጉድጓድ የሚያህል ውኃ አምርተን ሒሳቡን አናገኘውም» ማለት ትችያለሽ። ይህን የሰማ ሰው ማታ እቤቱ ሄዶ ለሚስቱ ይነግራታል።

ቆይ ግን። ይህ ዓረፍተ ነገር አፍ ይሞላል እንጂ ብቻውን አያዋጣሽም። ከፋይናንስ የመጣው አባል ብልህ ከሆነ «ታዲያ ያ ሁሉ ውኃ መሬት ውስጥ ነው የሚፈሰው?» ብሎ ይጠይቅሻል። መልሱ አይደለም ነው። ከፊሉ ከተሰነጠቀ ቧንቧ ይፈሳል። ከፊሉ ግን ሰው ቤት ደርሶ ተጠጥቷል፤ ቆጣሪው ስላረጀ አልቆጠረውም፣ ወይ መስመሩ ሕገወጥ ነው፣ ወይ አንባቢው ተሳስቶ መዝግቦታል። እነዚህን ሁለቱን ካደባለቅሽ አለቀልሽ። መስመር መጠገን ውኃ ያስገኛል። ቆጣሪ መቀየር ደግሞ በዋናነት ገንዘብ ነው የሚያስገኘው። ፈረቃው ያስመረረው የነዋሪዎች ተወካይ የሚፈልገው የመጀመሪያውን ነው፤ የፋይናንሱ ሰው ሁለተኛውን። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ፣ በተለያየ ቀለም አሳዪ። የሚፈሰውን ለማወቅ የሌሊቱን ፍሰት ለክታችሁ ከሆነ፣ ማለትም ሕዝቡ ሲተኛ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ይህንኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪ። ሰው ሁሉ ተኝቶ ውኃው የሚሄድ ከሆነ የት እንደሚሄድ ለማስረዳት ምሕንድስና መማር አያስፈልግም። በፈረቃ በምታዳርሱበት ከተማ ግን ልኬቱ ያስቸግራል፤ ጋኑና ታንከሩ የሚሞላው ሌሊት ነውና። እሱን ሳይጠይቁሽ ራስሽ ብትናገሪው ይሻላል።

ደግሞም ብክነት ዜሮ አይሆንም፤ የትም አገር ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ የሚፈሰውን ቀንሰን ከ35 ወደ 25 እናውርድ ብትዪ የምታገኙት በቀን 1,000 ሜትር ኩብ ነው። የአንድ ጉድጓድ ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው። «ሁለት ጉድጓድ» ከሚለው ያንሳል፣ አይደል? እኔ ግን በዚህኛው እንድትቆሚ ነው የምመክርሽ። ሁለት ጉድጓድ ብለሽ ተስፋ ሰጥተሽ በዓመቱ ግማሽ ብታመጪ በሚቀጥለው ጊዜ የሚሰማሽ የለም።

ይህ ዋናው ቁጥር የት ነው የሚቀመጠው? ላይ፣ በርዕሱ ውስጥ፣ በትልቁ ፊደል። ለምን እንደማከርር ልንገርሽ። በጥር 1995 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. 2003 መሆኑ ነው፣ የናሳ መንኮራኩር ኮሎምቢያ ስትነሳ ከነዳጅ ማጠራቀሚያዋ ላይ የተገነጠለ የአረፋ ቁራጭ ግራ ክንፏን መታት። መንኮራኩሯ ገና ጠፈር ላይ እያለች መሐንዲሶች ጉዳቱን ገምግመው ውጤቱን በስላይድ አቀረቡ። የአንደኛው ስላይድ ርዕስ የሚያረጋጋ ነበር። ከሥሩ ነጥብ በነጥብ ላይ እየተደረደረ፣ ፊደሉም እያነሰ ወረደ። ከሁሉም ታች የተቀመጠው ዋናው ነገር ነበር፦ ሙከራ የተደረገበት ቁራጭ 3 ኪዩቢክ ኢንች ሲሆን ክንፉን የመታው 1,920 ኪዩቢክ ኢንች ይሆናል። 640 እጥፍ! በእጃቸው ያለው የሙከራ ውጤት ለዚህ አይሠራም ማለት ነው። መንኮራኩሯ በተነሳች በ16ኛው ቀን ወደ ምድር ስትመለስ ተበታተነች፤ ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። ስላይዱ ገደላቸው የሚል የለም። የአደጋው መርማሪ ቦርድ ግን በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት ይህንን ስላይድ ነቅሶ አውጥቶ ተችቶታል።

እንግዲህ «የውኃ ብክነት ሁኔታ» የሚል ርዕስ አታስቀምጪ። ምንም አይናገርም። «ብክነቱን ከ35 ወደ 25 ብናወርድ በቀን 1,000 ሜትር ኩብ እናገኛለን» ብለሽ ጻፊ። ከሥሩ አንድ ሥዕል ወይም አንድ ግራፍ ይበቃል። ርዕሶቹን ብቻ ከላይ እስከ ታች ያነበበ ሰው ነገሩን ጨርሶ ከተረዳው ገለጻው ተሠርቷል። ፊደሉ ከ28 አይነስ። አልገባም ካለሽ ጽሑፉን ቀንሺ እንጂ ፊደሉን አታሳንሺ።

ስለ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ በደብዳቤሽ እግረ መንገድሽን ነው የጠቀስሽው። ለእኔ ግን ከፍርሃቱም ከስላይዱም የሚበልጠው ይሄ ነው። አለቃሽን ቦርድ ፊት አታስደንግጪያቸው። በዚህ ሳምንት ቢሯቸው ግቢና «ጋሼ» ወይም «ኢንጂነር»፣ እንደምትጠሯቸው፣ «ለቦርድ ከማቅረቤ በፊት እርስዎ እንዲያዩልኝ ፈልጌ ነው» በያቸው። ስላይዱን ሳይሆን ያቺን አንዷን ዓረፍተ ነገርና ቁጥሮቹን አሳያቸው። «የትኛው ላይ አይስማሙም?» ብለሽ ጠይቂና ዝም ብለሽ ጻፊ። ጉድጓዱን ለምን እንደፈለጉት ከሳቸው አፍ ስሚ። ምናልባት ከተማው በአንድ አቅጣጫ እየሰፋ ነው፣ ምናልባት ለጉድጓዱ የሚረዳ ድርጅት አግኝተዋል። ይህንን ቦርድ ላይ ከምትሰሚው ቢሮ ውስጥ ብትሰሚው አይሻልም?

ከዚያ ነገሩን «ጉድጓድ ወይስ ጥገና» አታድርጊው። «የቱ ይቅደም» አድርጊው። ከሳቸውም ጋር አያጣላሽም፣ እውነቱም እሱ ነው። በሚያፈስ መስመር ላይ አዲስ ውኃ ቢጨመር አዲሱም ይፈሳል፤ ግፊቱ ሲጨምር ፍሳሹም ይብሳል። በአንድ ስላይድ ላይ ሁለቱን አማራጮች ጎን ለጎን አስቀምጪ፦ ወጪው፣ የሚፈጀው ጊዜ፣ የሚያስገኘው ውኃ። የሳቸውን አማራጭ አሳንሰሽ አታቅርቢ። እሳቸውም አንብበው «አዎ፣ የኔ ሐሳብ ይሄ ነው» እስኪሉ ድረስ በትክክል ጻፊው።

የቦርዱን አባላት ዝርዝርም አውጪ። እያንዳንዱ የሚያሳስበው ሌላ ነው። ከጤና በኩል የመጣ ሰው ካለ፣ ውኃ በሚቋረጥበት ሰዓት ባዶው ቧንቧ በስንጥቁ በኩል ቆሻሻ እንደሚስብ ማንሳትሽ ከአሥር ግራፍ ይበልጣል።

ስንት ስላይድ? ስምንት ገደማ። ደግሞ 20 ደቂቃ ተሰጠኝ ብለሽ አትመኚ። ከአንቺ በፊት ያለው አጀንዳ ይንዛዛል፣ ሰብሳቢው ስልክ ይደወልላቸዋል፣ ተራሽ ሲደርስ «በአሥር ደቂቃ ጨርሺልን» ይባላል። «አጠር አድርጊው» ዘንድሮም ይመጣል፤ እንደሚመጣ አውቀሽ ጠብቂው። ከስምንቱ ውስጥ ሦስቱን አሁኑኑ ምረጪ፦ የምትጠይቂው፣ ዋናው ቁጥርና የሁለቱ አማራጮች ንጽጽር። አጠር አድርጊ ስትባዪ «እሺ ክቡር ሰብሳቢ» ብለሽ ወደ እነዚያ ትሄጃለሽ። በፓወርፖይንት ላይ ገለጻው እየታየ ሳለ የስላይዱን ቁጥር ጽፈሽ ኢንተርን ብትጫኚ በቀጥታ እዚያው ይወስድሻል። በሰው ፊት ገጽ በገጽ እየሮጡ መፈለግ የለም። የቀሩትን ስላይዶችሽን አትጣያቸው፤ ከመጨረሻው ስላይድ ኋላ አድርጊያቸው፣ ቁጥራቸውን በወረቀት ያዢ። ሰው ስለ ዘዴው ከጠየቀሽ «23» ብለሽ ኢንተር ነው። እንደዚያ መልስ ስትሰጪ ሙድ የያዙብሽ ልጆች ምን ይሉ ይሆን?

ቋንቋውን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፦ ቦርዱ የሚወያይበት ቋንቋ ስላይዱም ላይ ይጻፍ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ እያሳዩ በአማርኛ መናገር አድማጩን ሁለት ሥራ ያሠራዋል። በአማርኛ ስትጽፊ ግን ከፊደሉ ተጠንቀቂ። በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ዓይነት ፊደሎች የተጻፈ ስላይድ ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ይሆናል። በዩኒኮድ ጻፊ፤ ኒያላ ወይም ኢብሪማ ይሆንልሻል። አንድ ቅጂ ደግሞ በፒዲኤፍ አስቀምጪ። ፒዲኤፍ የትም ሲከፈት አይበላሽም።

ከስብሰባው አንድ ቀን ቀድመሽ አዳራሹ ድረስ ሂጂ። ፕሮጀክተሩ የሚቀበለው የድሮውን ገመድ ነው ወይስ ኤችዲኤምአይ? አዳፕተሩን ራስሽ ያዢ፤ «አለ» ተብሎ የሌለ ዕቃ ነው። ላፕቶፕሽ ላይ የዊንዶውስን ቁልፍና የ«P»ን ፊደል አብረሽ ተጭነሽ ምስሉ ግድግዳው ላይ መታየቱን አረጋግጪ። ከኋላ ወንበር ተቀምጠሽም አንብቢው። መብራት ሊሄድ ስለሚችል አንድ ገጽ ወረቀት ለእያንዳንዱ አባል አትመሽ ያዢ። ከላይ ጥያቄሽ፣ መሐሉ ላይ የሁለቱ አማራጮች ሠንጠረዥ፣ ከታች ያቺ ግራፍ። መብራት ቢሄድ በወረቀቱ ቀጥዪ። ፕሮጀክተሩ እስኪስተካከል ብለሽ ሰው አታስጠብቂ።

አሁን ፍርሃቱ። አይጠፋም፤ ይቀንሳል። ሙሉውን በቃልሽ አትያዢ፤ አንድ ቃል ከጠፋሽ ሁሉም ይጠፋል። በቃልሽ የምትይዢው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮችና የመጨረሻውን ጥያቄ ብቻ ነው። «የተከበሩ ሰብሳቢ፣ የተከበራችሁ የቦርድ አባላት» ካልሽ በኋላ በቀጥታ ግቢ። ሰላምታውን አታንዛዢው፤ «በቂ ዝግጅት ባላደርግም» የሚባለውንም ትሕትና ተዪው። ሰው ያምንሻል!

ቆመሽ፣ ድምፅሽን አውጥተሽ፣ ስልክሽ እየቀዳሽ፣ ቤት ውስጥ ተለማመጂ። በልብ ማንበብ ልምምድ አይደለም። ከዚያ ምሕንድስና ለማያውቅ ሰው አቅርቢለት። እናትሽ ወይም ጎረቤትሽ ትሁን። ስትጨርሺ «ምን ጠየቅኩ?» በያት። «ስለ ውኃ ነው የተናገርሽው» ካለች ገና ነው። «ቧንቧው ይጠገን ነው የምትዪው፣ ገንዘብ ፈልገሽ ነው» ካለች ደርሰሻል።

እጅሽ ከተንቀጠቀጠ ስስ ወረቀትና የሌዘር መብራት አትያዢ፤ ሁለቱም መንቀጥቀጡን አጉልተው ያሳያሉ። ማስታወሻሽን ጠንከር ባለ ካርድ ላይ ጻፊ። በባዶ ሆድ ቡና አትጠጪ። ከመጀመርሽ በፊት ትንፋሽሽን በረጅሙ አስወጪ፤ ማስወጣቱ ነው የሚያረጋጋው። ሐሳብ ከጠፋብሽ የ«B»ን ቁልፍ ተጫኚ፣ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ሁሉም ወደ አንቺ ያያል። አስፈሪ ይመስላል፤ ግን ሆን ብለሽ ያቆምሽ ነው የሚመስላቸው። ውኃ ተጎንጭተሽ ካርድሽን አይተሽ ቀጥዪ። ምን ልልበስ ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ ጥሩ አደረግሽ።

የማታውቂውን ሲጠይቁሽ «ይህንን አሁን በእርግጠኝነት መመለስ አልችልም፤ እስከ ሐሙስ በጽሑፍ አቀርባለሁ» በይና እያዩሽ ማስታወሻሽ ላይ ጻፊው። ሐሙስ ስትልኪው ደግሞ ሐሙስ ይሁን። ግምትን እንደ እውነት አትናገሪ፤ አንዲት የተሳሳተች ቁጥር የቀሩትን ሁሉ ታስጠረጥራለች። «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት አለኝ» ብሎ ረጅም የሚናገር አባል አይጠፋም። አታቋርጪው። ከተናገረው ውስጥ አንዲት የምትጠቅምሽን ነገር አንሺና «እንዳሉት» ብለሽ ወደ ጉዳይሽ ተመለሺ።

በመጨረሻም «ተጨማሪ ጥናት ይደረግ» ሊባል ይችላል። ይህ መልስ ለቦርድ ቀላሉ ነው፤ ማንንም አያስቀይምም። ስለዚህ አነስ ያለ ሁለተኛ ጥያቄ በኪስሽ ያዢ፦ «እንግዲያውስ በአንድ ቀበሌ ብቻ፣ ለስድስት ወር፣ በዚህ ያህል ብር ሞክረን ውጤቱን እናቅርብ።» የቀበሌውን ስም፣ የመስመሩን ርዝመትና ወጪውን አስቀድመሽ አዘጋጅተሽ ጠብቂ። ምናልባት ሥራ አስኪያጅሽም በዚህኛው ይደግፉሽ ይሆናል። ስብሰባው ሲያልቅ ወደ ሻይ ከመሄድሽ በፊት ጸሐፊዋ ጋ ሂጂና ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ብላ እንደጻፈች ጠይቂያት። «ገለጻ ተደርጓል» የሚል ብቻ ከሆነ ውሳኔው በምን ቃል እንደተላለፈ፣ ማን መቼ እንደሚፈጽመው እንድትጨምርበት ንገሪያት።